ከንቢት ጎን

ጥቅምት 9

ለእህቴ ለንቢት፣

እንዴት ነሽልኝ? እማዬስ እንዴት ናት? ወገቧ ተሻላት ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ተደግፋ ነው የምትነሳው? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያው እንደነበረው ነው፤ ጎሚስታ ቤቱ ውስጥ እግሬን ዘርግቼ ስለምሠራ ብዙም አያስቸግረኝም። የምንለጥፈው የጭነት መኪና ጎማ ነው። ሾፌሮቹ ሁሉ ይቸኩላሉ፤ የማልቸኩለው እኔ ብቻ ነኝ። ጉድ አትይም? እኔ ተቀምጬ ሰው ሲቸኩል ማየት!

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለጠየቅሽኝ ነገር መልሴ አጭር ነው፤ አልልክም። ያቺ ገመድ የኔ ናት። አንዷን ጫፍ አንቺ፣ ሌላዋን እኔ ጣታችን ላይ ጠምጥመን ስንት ዓመት የሮጥንባትን ገመድ ዛሬ ፀጉር አስተካካይ ይጠምጥማት? «አንድ ክንድ የማትሞላ ቁራጭ ናት እኮ» ብለሻል። ካልሞላች ምን ልታደርግለት ነው? ሱቅ ሄዶ ይግዛ።

«ቅር ብሎሃል እንዴ?» ላልሽው፣ ኧረ ምን ቅር ይለኛል! ዓይነ ስውር ሯጭ ከጎኗ መሪ ካልሮጠ መም እንደማትረግጥ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ጉልበቴ ሲያብጥ «ሌላ መሪ ፈልጊ» ያልኩሽም እኔው ራሴ ነኝ። ፈልጊ አልኩ እንጂ በማግስቱ አግኚ አላልኩም። ለወጉ እንኳ አንድ ሳምንት አይታዘንም? እኔ ሻንጣዬን ጭኜ እዚህ ሳልደርስ እናንተ ሁለት ዙር ሮጣችኋል።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልሽ እሱ መሆኑን አውቃለሁ። የላክሽልኝን የጻፈውም እሱ ነው፤ እጅ ጽሑፉ እንደ ቁመቱ ሽቅብ የተጎተተ ነው። አንተ አንባቢው፣ እዚህ ጋ ድምፅህን ዝቅ እንዳታደርግ። ይህቺንም ጮክ ብለህ አንብባት፦ መሰላል!

ከሁሉ ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን «የጃፓናዊውን ሯጭ ታሪክ ነገረኝ፣ በጣም ሳቅን» ያልሽው ነው። ንቢት፣ እሱ የኔ ታሪክ ነው! ከአሮጌ መጽሔት ላይ ያገኘሁት እኔ። በድልድዩ በኩል ጠዋት ስንሮጥ አንቺ «ደከመኝ» ስትይ ድካምሽን እንድትረሺ የነገርኩሽ እኔ። አሁን ከፀጉር ቤት ሬዲዮ የሰማውን ይዞ መጥቶ ያውም አበላሽቶ ይነግርሽ? «በመንገድ ላይ ወተት ጠጣ» ብሎ! ወተት አይደለም፣ ጭማቂ ነው። ሰውየው ማራቶን እየሮጠ ሙቀት ሲገድለው የሰዎች ግቢ ገባ፣ ጭማቂ ሰጡት፣ ጠጣ፣ አረፈ፣ ከዚያ አፍሮ ለማንም ሳይናገር አገሩ ገባ። ዳኞቹ የጠፋ ሰው ብለው መዘገቡት። ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ጠርተውት ሽማግሌ ሆኖ መጣና የቀረችውን ሮጦ ጨረሰ። በመሀሉ ሚስት አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ የልጅ ልጅ አይቶ! እንዲህ ነው የሚነገረው። ከአሁን በኋላ የኔን ታሪኮች ከኔ በቀር ማንም እንዳይነግርሽ።

እማዬን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 4

ለወንድም ጋሼ፣

እኔም እማዬም ደህና ነን፤ ሐሳባችን አንተው ጋ ነው። እማዬ ወገቧ ለቀቅ አድርጓታል፤ ደብዳቤህ ሲነበብ ስትስቅ ግን መልሶ ያዛት። ይቅርታ፣ መልሱን አዘገየሁብህ። በሆስፒታሉ ስልክ ማዞሪያ አንዷ ባልደረባዬ ወልዳ የሷንም ተራ እኔ ነኝ የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ሰውን ከሰው ሳገናኝ እውላለሁ፤ አንተ ያለህበት ቦታ ግን መስመር የለውም። አንተንማ ፖስታ ቤት ካላገናኘን ማንም አያገናኘንም።

የገመዷን ነገር ተወው። ምላጭ ከሚስልበት ቆዳ ላይ ቆርጦ አንድ ሠራልን። ጣት አይቆርጥም፣ ላብ ሲነካውም አይንሸራተትም። (ጸሐፊው፦ ቆዳው የአባቴ ነበር፣ ጋሼ። በደስታ ነው የቆረጥኩት።)

ከዚያ በኋላ በላክኸው ደብዳቤ የጠየቅከኝን በየተራ ልመልስልህ። «ድንጋይ ሲያጋጥማችሁ ምን ብሎ ነው የሚያስጠነቅቅሽ?» ላልከው፣ «ድንጋይ» ይላል። ምን ይበል ታዲያ? አንተ «ጠላት ከፊት!» እያልክ ስትጮህ መንገደኛው ሁሉ ይሸሽ የነበረውን ረስተኸዋል?

«ይናገራል ወይስ ዝም ይላል?» ላልከው፣ ይናገራል። ፀጉር አስተካካይ መሆኑን አትርሳ። ትናንት ስለ አንድ ኩባዊ ፖስተኛ ነገረኝ። ሰውየው ሱሪውን ከጉልበቱ ላይ ቆርጦ ማራቶን ገባ። ርቦት ስለነበር በመንገዱ ላይ ከአንድ የፍራፍሬ እርሻ ፖም በላ፣ ፖሙ የበሰበሰ ኖሮ ሆዱን ቆረጠው፣ ጥላ ፈልጎ ተኛ፣ እንቅልፉን ጠግቦ ተነሣ፣ ሮጠ፤ ጉድ እኮ ነው፣ አራተኛ ወጣ! ይሄኛው ያንተ አይደለም መቼም። ከሆነም ነግረኸኝ አታውቅም።

«ከኔ ይሻላል ወይ?» ላልከው፣ አልመልስልህም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለእህት አይቀርብም።

«ሰዓትሽ ስንት ደረሰ?» ላልከው፣ ሰዓቴ ደህና ነው።

የካቲት ላይ ማጣሪያው አለ። ዘንድሮ ብሔራዊ ቡድን ካልገባሁ በሚቀጥለው ማን ያስገባኛል? ዕድሜዬን አንተ ታውቀዋለህ፤ ለጸሐፊው ግን አልነግረውም። ስለዚህ እባክህ አትቀየመኝ። ድሮ ገመድ ጉተታ ኦሊምፒክ ላይ ሜዳሊያ ይሸለምበት እንደነበር የነገርከኝ አንተ ነህ። አሁን እናንተ ሁለታችሁ የምትጎትቱት ገመድ እኔ ሆኜላችኋለሁ።

እህትህ ንቢት

(ጸሐፊው፦ ጭማቂ መሆኑን ተምሬያለሁ። ሁለት ደንበኞቼም አሁን በትክክል ያውቁታል። መሰላል።)


ጥር 6

ለንቢት፣

ከኅዳር ወዲህ የላክሻቸው ሁለቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። የመጀመሪያውን ያልመለስኩት ታምሜ አይደለም፤ አኩርፌ ነው።

«ሬዲዮውን ሰማኸው?» ብለሽ ነበር። አዎ፣ ሰማሁት። እንዳልሰማ ብዬ ነበር እኮ! ጎሚስታው ራሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ያቺ እህትህ አይደለችም?» ሲለኝ ምን ላድርግ? ፕሮግራሙ «ብዙዎች የማያውቋቸው የስፖርት ታሪኮች» ነው የሚባለው። ጋዜጠኛው መጀመሪያ ስለ ጥንት ሰዎች አወራ፣ ከዚያ «አሁን ደግሞ ከመካከላችን ያለ አስደናቂ ታሪክ» ብሎ እናንተን አመጣ። ዓይነ ስውሯ የስልክ ኦፕሬተርና ፀጉር አስተካካዩ መሪዋ! «እንዴት እንዲህ ፈጠንሽ?» ሲልሽ ምን አልሽ? «እሱ ከመጣ ጀምሮ እግሬ ተፈታ።»

እግሬ ተፈታ! እኔ አስሬሽ ነበር ማለት ነው?

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳመጥኩ። አንድ ጊዜ «በፊትም ወንድሜ ይመራኝ ነበር» ትይ ይሆናል ብዬ የያዝኩትን የጎማ መለጠፊያ ካውያ እንኳ አላስቀመጥኩም። አላልሽም። ወይ ብለሽ እነሱ ቆርጠውት ይሆናል፤ እንደዚያ ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞክሬ ነበር፣ አልተሳካልኝም። ሾፌሮቹ «አንተ ታዲያ የት ሄደህ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። በዚያ ፕሮግራም ላይ ብዙዎች የማያውቁት ታሪክ ካለ የኔ ነው፤ ጋዜጠኛው እንኳ አያውቀውም።

ቀንቻለሁ። ይኸው አልኩት። በቅናት ተቃጥያለሁ፣ ምሳ አልበላ ብሎኛል። እሱ በቅንፍ እየገባ ሲቀልድ አንጀቴ ያራል። ጠዋት ጠዋት እነሱ አሁን ድልድዩ ጋ ደርሰዋል፣ አሁን ዳገቱን ጀምረዋል፣ አሁን እሷ ታንጎራጉራለች እላለሁ። ስትሮጪ እንደ ንብ የምታንጎራጉሪውን እሱም ይሰማል አይደል? ንቢት ያልኩሽ እኔ፣ የሚሰማው እሱ!

አሁን ደግሞ በሁለተኛው ደብዳቤሽ እሱን ወክለሽ ትጠይቂኛለሽ። «የመጨረሻዋን መቶ ሜትር ቀጥታ እንዴት ነው የምትጨርሱት? ይጨንቀዋል» ትያለሽ። ደግ አደረገው፣ ይጨነቅ። መሪ ከሯጩ ቀድሞ መስመሩን ካለፈ የሯጩ ውጤት ይሰረዛል፤ ያ ነው ሕጉ፣ ያን ሁሉም ያውቃል። እንዴት እንደሚደረግ ግን ያ የኔ ነው። ስንት ዓመት ስንሮጥ አንድ ቀን እንኳ ቀድሜሽ ገብቼ አላውቅም። ገመዷን አልላክሁም፣ ይህንንም አልልክም። ታሪኮቼን ወስዷል፣ እህቴን ወስዷል፣ ሬዲዮውን ወስዷል፤ ይቺን እንኳ ለኔ ይተውልኝ።

አንባቢው፣ ይህን ጮክ ብለህ አንብበው።

ወንድምሽ


የካቲት 21

ለወንድም ጋሼ፣

ሰላም ነህ? እማዬ ሰላም ትልሃለች። እጅ ጽሑፉ ሲለወጥብህ እንዳትደነግጥ፤ ይህን የምትጽፍልኝ የሰፈራችን ባለሱቅ ናት።

ማጣሪያው አለፈ። አልወደቅኩም፣ አልታመምኩም። ከሯጮቹ ሁሉ ቀድሜ ገባሁ። እሱ ግን ደስታው ራሱን አስረሳውና ደረቱን ከኔ በፊት አስገባ። ሕጉን አንተው ጽፈህልኛል፤ ሌላ የምጨምረው የለኝም። ዳኛው ሲናገር እኔ ገና ትንፋሼ አልተመለሰም ነበር። ሕዝቡ ለምን ማጨብጨብ እንዳቆመ አልገባኝም፤ የቆዳዋን ገመድ ከጣቱ ሲፈታ ነው የገባኝ።

ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ፀጉር ቤቱም ዝግ ነው አሉኝ። እማዬ ሄዳ በሩን አንኳኳች፤ «የለሁም» ብሎ ከውስጥ መለሰላት። ይሄን ስትነግረኝ ከሐዘኔ ላይ ሳቅሁ።

ኮሚቴው ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አንድ ማጣሪያ አለ ብሎኛል። የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ በኋላ ቡድኑ ይዘጋል። መሪ ከፈለግሽ ቀይሪ ብለውኛል።

ወንድም ጋሼ፣ ጉልበትህ ከተሻለው ና። አንተ ተሳስተህ አታውቅም። ስንት ወር ሙሉ ይህን እንድልህ ስትጠብቅ እንደነበር አውቃለሁ። ይኸው አልኩህ።

ንቢት

እኔ ባለሱቋ ነኝ። ሰዓቱን እንዳትጽፊ ብላኛለች፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም፣ የሚያኮራ ነገር አይደለም እንዴ? የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያወራዋል። ይሰረዝ እንጂ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ነው የሮጠችው። ደስ ይበልዎት ብዬ ነው። አደራ፣ እንዳይነግሩብኝ።


መጋቢት 3

ለንቢት፣

የባለሱቋን አደራ በልቼ ነው ይህን የምጽፈው። ይቅርታ በይልኝ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። «ደረቱን ከኔ በፊት አስገባ» የሚለው ላይ ስደርስ «እሰይ!» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ጎሚስታው «ምን አገኘህ?» አለኝ፣ «ደብዳቤ» አልኩት። እህቴ ዓመት ሙሉ የለፋችበት ተሰርዞ እኔ ጮቤ ረገጥኩ። እንዲህ ያለ ወንድም ነው ያለሽ። «ና» የሚለው ላይ ስደርስማ ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ጎተትኩ። ጉልበቴ እኮ ከጥር ጀምሮ ደህና ነው። ያልነገርኩሽ ጥሪሽን ስጠብቅ ነው።

ከዚያ ታች ያለችውን የባለሱቋን ነገር አነበብኩ። አሥራ ዘጠኝ።

መጀመሪያ የተሳሳተች መሰለኝ። አምስት ሺህ ሜትር ነው አይደል የሮጥሽው? እኔና አንቺ በምርጥ ቀናችን፣ ነፋስ በሌለበት፣ አንቺም ደህና አድረሽ፣ ከሃያ አንድ ወርደን አናውቅም። አንድም ቀን። መሰላሉ ምን አበላት ብዬ አሰብኩ። ፀጉር አስተካካይ ሰውን በሁለት ደቂቃ ማፍጠን ከቻለ ምላጩን ጥሎ አሠልጣኝ ይሁን!

ሌሊቱን አልተኛሁም። ጠዋት የጎሚስታውን የእጅ ሰዓት ለመንኩና አስፋልቱ ላይ ወጣሁ። ከኪሎ ሜትር ምልክቷ ጀምሬ አንቺ በሮጥሽበት ፍጥነት ሮጥኩ፤ ለመሮጥ ሞከርኩ ማለት ይሻላል። የአምስት ሺህ ሜትሩ ግማሽ ሳይሞላ የመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር። ጉልበቴ አይደለም፤ ጉልበቴ ምንም አላለኝም። አቅሜ ነው። አንድ ሾፌር አቆመና «ሰው ያባረረህ አለ?» አለኝ።

ንቢት፣ ያ እግር ከድሮም ያንቺ ነው። ማንም አልሰጠሽም። አሁን የምጠይቅሽን በቅንፍ እየቀለዳችሁ እንዳታልፉት፦ ስንት ዓመት ነው እኔን እየጠበቅሽ የሮጥሽው? «እግሬ ተፈታ» ያልሽው ለካ እውነትሽን ነው። እኔ ደግሞ በዚያች ቃል ስንት ቀን አኮረፍኩ።

አልመጣም። በሬዲዮ የቀናሁበትን ሁሉ፣ የለመንኩትን ሁሉ ሰጥተሽኛል፤ ግን አልመጣም። እኔ ከመጣሁ ከኔ በፊት ትገቢያለሽ፣ ሕጉም ይከበራል፣ ቡድን ውስጥም አትገቢም። ሌላዋን ወረቀት እማዬ ትውሰድለትና በበሩ ሥር ታስገባለት።

ቅናቱ ለቆኛል ብዬ አልዋሽሽም። አሁንም አለ፣ እዚሁ ደረቴ ላይ። ይኑር።

ወንድምሽ


ለመሰላል፣

የምትጽፍልኝም የምታነብልኝም አንተ ስለሆንክ ስንሰዳደብ ከርመናል፤ ቀጥታ ግን ጽፌልህ አላውቅም። በሩን ክፈት። ደንበኞችህ ፀጉራቸው ጆሯቸው ላይ ደርሶ ይሆናል፣ እነሱ ምን አጠፉ?

የመጨረሻዋን ቀጥታ ጠይቀኸኝ ነበር። ከልክዬህ ነበር። ከልክዬህም ይኸው ምን እንደመጣ አየን፤ አንተ ብቻህን አልተሳሳትክም።

ስማ። ከመታጠፊያው ስትወጡ መስመሯን አትያት። መስመሯን ካየህ እግርህ ወደዚያው ይሄዳል፣ የሰው ነገር ነው። የንቢትን ትከሻ ነው የምታየው፤ የግራውን። ትከሻዋ ከዓይንህ ከጠፋ ቀድመሃታል ማለት ነው። እጅህን ወደፊት ዘርጋላት፣ ገመዱን ልቀቅላት እንጂ አትጎትት። ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ቅር። ግማሽ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ጎን ታዘነብላለች፣ የሌላ መሮጫ ትረግጣለች። «ደረስን» እንዳትላት። «ደረስን» ስትላት እንደደረሰች አምና ትቀዘቅዛለች። «ቀጥይ» ነው የምትላት፣ መስመሩን ካለፈችም በኋላ «ቀጥይ»። የምታንጎራጉረውን ስታቆም ተናግረህ አታድክማት፤ ያን ጊዜ አሟታል ማለት ነው፣ ዝም ብለህ አብረሃት ሁን።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህና ሳቅ ከፈለግህ። እኔ ለምን ተሳስቼ እንደማላውቅ ታውቃለህ? ሙያ መስሎኝ ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ ደረቴን ነፍቼ «ልምድ ነው» እል ነበር። ትናንት አስፋልቱ ላይ ነው የገባኝ። በመጨረሻዋ ቀጥታ ላይ እኔ ሁልጊዜ ሞቼ ነበር። ብፈልግም ልቀድማት አልችልም ነበር። አንተ የተሳሳትከው መቅደም የምትችል ሰው ስለሆንክ ነው።

ለዚህ ነው እሷ አጠገብ አንተ መሆን ያለብህ። ጨክኜ ነው የጻፍኩት፣ ስጽፈውም አልተመቸኝም። ሂድና አብረሃት ሩጥ። ብትሳሳት ግን እኔ አልምርህም፤ አውቶቡስ ተሳፍሬ ነው የምመጣው።

የንቢት ወንድም


ግንቦት 2

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። እማዬ እዚህ አጠገቤ ተቀምጣ «መጀመሪያ ውጤቱን ንገሪው፣ ልጄን አታስጨንቂው» ትለኛለች። እንግዲህ እሷን ልስማ፦ ገብቻለሁ። ሁለተኛ ወጣሁ፣ ቡድኑ ውስጥ ነኝ። እሱ ከመፍራቱ የተነሣ በጣም ወደኋላ ቀርቶ ዳኛው «ማን ነው ማንን የሚመራው?» ብሎ ሳቀ አሉ። መስመሩን ካለፍን በኋላም «ቀጥይ! ቀጥይ!» እያለ የሚቀጥለው ውድድር ሯጮች መሀል አስገባኝ። (ጸሐፊው፦ የተጻፈልኝን ነው ያደረግኩት።)

አሁን ወደ ጥያቄህ። ዘግይቼብሃለሁ፤ ፈርቼ ነው። ስንት ዓመት ነው የጠበቅሽኝ ብለህ ነበር። ሁለት ዓመት ይሆናል። ትንፋሽህን እሰማ ነበር። ሲቆራረጥብህ ቀስ እል ነበር፤ ማንም አላዘዘኝም፣ አዝኜልህም አይደለም። ከአንተ ጋር መሮጥ እወድ ነበር፣ በቃ። አንተ ከጎኔ ሳትሆን ከምፈጥን አንተ ከጎኔ ሆነህ ብዘገይ ይሻለኝ ነበር። በኋላ ግን ማሸነፍ አማረኝ። ጉልበትህ ያበጠ ቀን አለቀስኩ። ከእሱ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የሮጥኩ ቀን ደግሞ እግሬ ሲፈጥን ሳቄ አመለጠኝ። «ሁለቱንም ንገሪው» ብላ ያስገደደችኝ እማዬ ናት። ሬዲዮ ላይ ስላንተ ተናግሬ ነበር፤ ቆርጠውታል። ምን ብዬ እንደነበር ግን እኔ ነኝ የማውቀው፣ አንተ ፊት ነው የምነግርህ።

ሰዓቴን የደበቅኩህ ይህን ሁሉ እንዳታሰላ ነበር። ባለሱቋን ተቆጣኋት፤ አሁን ደግሞ አመስግኛታለሁ።

አሁን የምልህን በደንብ ስማኝ። አሠልጣኙ ፕሮግራም አውጥቶልኛል። የምፈጥነው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው። ሌላው ቀን በሙሉ ቀላል ሩጫ ነው፤ እንዲያውም «ከፈጠንሽ እቀጣሻለሁ» ብሎኛል። ፀጉር አስተካካዩ ቀላል ሩጫ አይችልበትም። እግሩ ረጅም ስለሆነ ሳያውቀው ያፈጥነኛል፣ አሠልጣኙም በሱ ምክንያት እየጮኸብኝ ነው። ቀስ ብሎ የሚሮጥ ሰው ያስፈልገኛል። የማውቀው ቀርፋፋ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። እዚህም የሚፈነዳ ጎማ አይጠፋም፤ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ጎሚስታ ሰው እንደሚፈልግ እማዬ ጠይቃ አረጋግጣለች። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ ያንተ ናቸው። ስትመጣ ለማኩረፍ ጊዜ እንዳታባክን፤ በደረስክ ማግስት ነው የምንጀምረው።

እህትህ ንቢት

(ጸሐፊው፦ ጋሼ፣ እሷ ጨርሳለች፣ ይቺን እኔ ነኝ የጨመርኩት። በፈጣን ቀን ወሬ የለም። ለሁለታችንም ትንፋሽ አይተርፈንም፤ እሷም አታንጎራጉርም። ጨዋታው፣ ሳቁ፣ ማንጎራጎሩ ሁሉ ያለው በቀላል ሩጫ ቀን ነው። አምስቱንም ቀን ለእርስዎ ስትሰጥ እኔው በገዛ እጄ ጻፍኩት። ሌሊቱን አልተኛሁም፣ ዛሬ አንድ ደንበኛዬን ጆሮውን ልቆርጠው ነበር። እርስዎ ይህን ነገር ይህን ሁሉ ወር እንዴት ቻሉት?)